ጉልበት ሲሸጥ ሰው ይሸጣልን?

ነጻነት የሚለውን ቃል የማይወድ ሰው አይገኝም። ነገር ግን ቃሉን ከሚወዱት መካከል ትርጕሙ ምን እንደ ሆነ ቢጠየቁ አንድ ዐይነት መልስ የሚሰጡት ጥቂቶች ናቸው። አንዱ ነጻነት ማለት የባዕድ ገዢ አለመኖር ነው ይላል፤ ሁለተኛው እንደ ልብ መናገርና መጻፍ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ የፈለጉትን ሠርቶ በላብ የተገኘውን መብላት ነው ይላል። ሁሉም ከእውነት ድርሻ አላቸው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ከእነዚህ ሁሉ ሥር የሚገኘውን አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሰው እንጀራውን ለማግኘት ጉልበቱን ለሌላ ሰው ሲሸጥ ከእርሱ ዘንድ የማይሸጥ ሆኖ የሚቀረው ምንድን ነው? የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን የአንድ ስፍራ ስም ነው። የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይባል የነበረው ስፍራ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. የአገራችን የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጠና ተብሎ ተመርቋል። በዚህ ስም ነጻ የተባለው ንግዱና ሸቀጡ ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣውም ሆነ ወደዚያ የሚላከው ዕቃ በቀረጥና በጉምሩክ ሥርዐት እንዳይጉላላ ልዩ አስተዳደር ተደርጎለታልና። ይህ ሐሳብ አገርን የሚጠቅም መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ስሙን ያነበበ አስተዋይ ሰው ሁለተኛ ጥያቄ ማስከተሉ አይቀርም፤ ዕቃው ነጻ በተባለበት ግቢ ውስጥ ዕቃውን የሚሠራው ሰው ነጻነቱ ምን ይመስላል? ለዚህ መልስ ከመስጠታችን በፊት የኋላውን ታሪክ መመልከት ያስፈልገናል።

የግለ ሰብ ነጻነት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር ነው የሚሉ አሉ፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሊቃውንቶቻችን ለብዙ ዘመን ሲተረጕሙት ዳኞችም ሲፈርዱበት የኖሩት ፍትሐ ነገሥት ስለ ባሪያዎች ነጻ መውጣት በሚናገርበት አንቀጽ ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ እንደ ሆነ፥ አንዱን የሌላው አገልጋይ ያደረገውም ጦርነትና የኀይል ብልጫ እንደ ሆነ ያስረዳል። ሕዝቡም በበኩሉ መጽሐፍ ሳያነብ ይህን እውነት ያውቅ ነበር። ጉልበተኛ ሲመጣበት ‹‹በሕግ አምላክ!›› ብሎ ያቆመው ነበር፤ የተበደለውም ከሹሙ ደጅ ቆሞ ‹‹አቤት!›› ይል ነበር። ‹‹በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች›› የሚለው ምሳሌም የሚያስተምረን ሰው የሚቈረቈረው በጠፋበት ዕቃ ዋጋ ልክ ሳይሆን በተደፈረበት መብት ልክ መሆኑን ነው።

ነገር ግን እውነትን ማወቅና በእውነት መኖር ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ያው ፍትሐ ነገሥት ባርነት ከተፈጥሮ እንዳልሆነ ከመሰከረ በኋላ ባርነትን አልሻረም፤ ያው ሕዝብም ‹‹ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ›› እያለ ከላይ ያለውን ከሕግ በላይ አድርጎ ያየው ነበር። በሌላውም ዓለም የሆነው ከዚህ የተለየ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1215 የእንግሊዝ መሳፍንት ንጉሣቸውን አስገድደው ያጻፉት ታላቅ የመብት ደብዳቤ ያለ ፍርድ መታሰርን ቢከለክልም፥ የከለከለው ‹‹ነጻ ሰው›› ለሚባለው እንጂ ከመሬት ጋር ለተቈራኘው ጭሰኛ አልነበረም። በ1789 ፈረንሳዮች ሰው ሁሉ ነጻና እኩል ሆኖ ይወለዳል ብለው ሲያውጁ በሐይቲ ደሴት በባርነት የያዟቸው ጥቁሮች ከሸንኮራ እርሻቸው ላይ አልተነሡም ነበር። የሐይቲ ሰዎች አዋጁ ለእኛም ነው ብለው በ1791 ተነሥተው በ1804 ነጻነታቸውን በደማቸው ገዙ። እንግዲህ ከዚህ የምንማረው የነጻነት ቃል መጀመሪያ በጥቂቶች እንደሚነገር፥ ታሪኩ ግን ቃሉ ሲነገር ያልታሰቡት ሰዎች ‹‹ለእኛም ነው›› የሚሉበት ታሪክ እንደ ሆነ ነው።

በአገራችን ይህ ታሪክ በሦስት ደረጃ ያለፈ ይመስለናል።

የመጀመሪያው ደረጃ ስለ ሰው ሥጋ የተደረገው ክርክር ነው። የዛሬው ባቡር ወደ ባሕር በሚወርድበት አቅጣጫ የባሪያ ነጋዴዎች ቅፍለት ወደ ታጁራ ወደብ ይወርድ ነበር። በዚያ ገበያ ሰው እንደ ጨውና እንደ ዝሆን ጥርስ ዋጋ ይቈረጥለት ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የባሪያን ንግድ ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ፤ በመጨረሻም ከጠላት ወረራ በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ባርነት በሕግ ፈጽሞ ተሻረ። በዚህም የሰው ሥጋ የማይሸጥ መሆኑ ተወሰነ።

ሁለተኛው ደረጃ ስለ ድካም ፍሬ ነው። ገባሩ እንደ ባሪያ በገበያ አይሸጥም፤ ነገር ግን ያረሰውን ከማን ጋር እንደሚካፈል፥ ስንት ቀን ለሹሙ እንደሚሠራ፥ ማንን ቀልቦ እንደሚያሳድር የሚወስነው እርሱ አልነበረም። ይህን ነገር አጥርተው ካዩት ሰዎች አንዱ በዚችው በድሬዳዋ ከተማ ነጋድራስ ሆነው ያገለገሉት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው ‹‹መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር›› በተባለው መጽሐፋቸው የሀብት ምንጭ የሰው ሥራ እንደ ሆነ፥ የሠራተኛው ፍሬ የሚዘረፍበትም አገር ሊበለጽግ እንደማይችል አስረድተዋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በጉምሩክ በር ቆመው የሚገባውንና የሚወጣውን ሸቀጥ ሲቈጥሩ ከሸቀጡ በስተጀርባ የቆመውን ሰው ማየታቸው ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ታላቅ ምሳሌ ነው። በገጠር የነበረው የጭሰኝነት ሥርዐት የተሻረው ግን ከእርሳቸው ሞት ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ስለ ሰው ጊዜ ነው፤ ድሬዳዋም ወደ ታሪኩ መካከል የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ከተማይቱ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች እንደ መሆኗ መጠን ከመጀመሪያው የደመወዝተኞች ከተማ ነበረች። በምድር ባቡሩ የጥገና ሥፍራዎች፥ ኋላም በሲሚንቶና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿ ውስጥ ከልዩ ልዩ ሕዝብ የተወለዱ ሰዎች አንድ ዐይነት ኑሮ ይኖሩ ጀመር፤ ይኸውም በፀሐይ መውጣትና መጥለቅ ሳይሆን በፋብሪካ ጡሩምባ የሚለካ ኑሮ ነው። እነዚህ ሰዎች ባሪያም ገባርም አልነበሩም። ማንም አልጐተታቸውም፤ ተዋውለው ገቡ። ታዲያ የጐደላቸው ነጻነት ምን ነበር?

ይህ ጥያቄ ታላላቅ ዳኞችንም ያሳሳተ ነው። በአሜሪካ የኒውዮርክ ግዛት ዳቦ ጋጋሪዎች በቀን ከ10 ሰዓት፥ በሳምንት ከ60 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ሕግ ቢያወጣ፥ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1905 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሕጉን ሻረው። ምክንያቱም ‹‹ሠራተኛው የፈለገውን ያህል ሰዓት የመዋዋል ነጻነቱን ይነካበታል›› የሚል ነበር። እንግዲህ በነጻነት ስም ጋጋሪው ሌሊቱን ሙሉ ከምድጃ ፊት እንዲቆም ተፈረደበት ማለት ነው። ይህ አስተሳሰብ በዚያው ፍርድ ቤት እስኪተው ድረስ ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ስሕተቱ የተዋዋዮቹን ብዛት እንጂ የተዋዋዮቹን ኀይል ካለመመዘን የመጣ ነው። ባለ ፋብሪካው አንድ ሠራተኛ ቢቀርበት የሚያጣው ጥቂት ነው፤ ሠራተኛው ግን ሥራውን ቢያጣ የሚያጣው የነገ ምሳውን ነው።

ስለዚህ ደመወዝተኞች ሁሉ በየአገሩ ያገኙት መልስ አንድ ነው፤ መተባበር። ‹‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር›› የሚለውን ምሳሌያችንን እያንዳንዱ ሕዝብ በየቋንቋው ደረሰበት። ነገር ግን መተባበር ራሱ ወንጀል የሆነበት ዘመን ነበር። በ1834 በእንግሊዝ አገር ቶልፐድል በምትባል መንደር ስድስት የእርሻ ሠራተኞች ለማኅበር ቃል ተማማላችሁ ተብለው ወደ አውስትራልያ በግዞት ተልከዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የሕዝብ ጩኸት ምሕረት አሰጥቷቸዋል። በእኛም አገር የምድር ባቡር ሠራተኞች በ1947 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሥራ ባቆሙ ጊዜ አድማቸው በኀይል ተደምስሷል። ሆኖም ሐሳቡ አልተደመሰሰም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ኢትዮጵያዊ ሁሉ በሥራ የመሠማራትና ለዚሁ ጕዳይ በሕግ መሠረት ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳለው ጻፈ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመትም ኢትዮጵያ ስለ መደራጀት ነጻነትና ስለ ኅብረት ድርድር የተደረጉትን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ተቀበለች። ከዚያም በ1968 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ይህንኑ ማኅበር ዘጋ፤ ኋላም በራሱ ፈቃድ የሚሄድ ሌላ ማኅበር አቋቋመ። በሠራተኛው ስም እገዛለሁ ያለ መንግሥት የሠራተኛውን አንደበት መዝጋቱ፥ በሰው ስም መናገርና ሰውን ማናገር ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳያል።

ዛሬ ሕጉ በጽሑፍ ረገድ ደካማ ነው ለማለት አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ባርነትንና የግዳጅ ሥራን ከልክሎ፥ በአንቀጽ 42 የመደራጀትን፥ የመደራደርን፥ ሥራ የማቆምን መብት፥ የተወሰነ የሥራ ሰዓትን፥ ዕረፍትንና ጤናማ የሥራ ቦታን ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፥ የወለደች ሴትም ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት እንዲኖራት አዝዟል። ያው አዋጅ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም አመልክቷል።

አሁን ወደ ተነሣንበት ስፍራ እንመለስ። እንበልና ከሐረርጌ ገጠር የመጣች አንዲት ወጣት በፓርኩ ከሚገኝ ፋብሪካ በልብስ ስፌት መኪና ላይ ትሠራለች። የሥራው ሰዓት ካለቀ በኋላ አለቃዋ ‹‹ዛሬ ትዕዛዙ አላለቀምና ሦስት ሰዓት ጨምረሽ ትሠሪያለሽ›› ይላታል። እርሷ ግን በተከራየችው ክፍል ትኩሳት የያዘው ልጅ ትታ መጥታለች። ሕጉ ከእርሷ ጋር ነው፤ የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚታዘዘው በተወሰኑ አስቸኳይ ምክንያቶች ብቻ እንደ ሆነ፥ በሳምንትም ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ክፍያውም በቀን ሲሆን ከመደበኛው አንድ እጥፍ ተኩል እንዲሆን አዋጁ ይናገራል። ይሁን እንጂ ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ወደ መኪናዋ ትመለሳለች። ምን ያዛት? ሰንሰለት የለም፤ ዘበኛውም በሩን አልዘጋባትም። የያዛት በጓዳዋ የቀረው የዱቄት መጠን ነው፤ የያዛት የቤት ኪራይ ቀን መቅረቡ ነው፤ የያዛት ከበሩ ውጭ ሥራ ፈላጊዎች ቆመው መጠበቃቸው ነው፤ ከሁሉም በላይ የያዛት አብራት የምትቆም አንዲት ሰው እንኳ መኖሯን አለማወቋ ነው።

እንግዲህ የነጻነት መለኪያው ይህ ነው እንላለን። ነጻ ሰው ማለት ትእዛዝ የማይቀበል ሰው አይደለም፤ ያለ ትእዛዝና ያለ ሥርዐት ፋብሪካም መንግሥትም ሊቆም አይችልምና። ነጻ ሰው ማለት አግባብ ያልሆነ ትእዛዝ በመጣበት ጊዜ ‹‹እንቢ›› ብሎ፥ ምክንያቱን አስረድቶ፥ በማግሥቱ ወደ ሥራው ሊመለስ የሚችል ሰው ነው። ‹‹እንቢ›› ማለት በሕግ ተፈቅዶ ዋጋው የዕለት እንጀራ ከሆነ፥ ባለጠጋው የሚገዛው ድኻው ግን የማይገዛው መብት ሆነ ማለት ነው። ማኅበር የሚያስፈልገውም የ‹‹እንቢ››ን ዋጋ ለብዙዎች አካፍሎ ለአንዱ የሚቻል ስለሚያደርገው ነው። ስለዚህ መደራጀት የግለ ሰብ ነጻነት ተቃራኒ ነው የሚሉት ሰዎች ተሳስተዋል፤ ለደመወዝተኛው መደራጀት የግል ነጻነቱ አጥር ነው።

በዚህ ላይ የሚቀርብ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ንቀን ልናልፈውም አይገባንም። ‹‹አገራችን ድኻ ናት፤ ብዙ ወጣት ሥራ አጥቶ ተቀምጧል፤ አስቀድሞ እንጀራ ይገኝ፥ መብቱ ከጠገቡ በኋላ ይደርሳል፤ አለዚያ ባለ ሀብቱ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል›› ይባላል። ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነው ራብ ራሱ ክፉ ጌታ መሆኑ ነው። ሥራ የሌለው ሰው ነጻ ነው ብለን አንዘባበትበትም፤ ፋብሪካ የሚከፍት ሰውም ለአገር በጎ ሥራ ይሠራል። ነገር ግን መብላት ብቻውን የነጻነት መለኪያ ቢሆን ኖሮ በጌታው ቤት ጠግቦ የሚያድር ባሪያ ምን ጐደለው ይባል ነበር? በዚህ ክርክር ገባሩም፥ ባሪያውም በየዘመኑ ‹‹ጊዜው ገና ነው›› ተብለዋል።

ደግሞም አንደበት መንፈግ ለባለ ፋብሪካው ራሱ እንደማይጠቅመው የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአገራችን በሚገኙ አምስት ድርጅቶች ሥራ የጠየቁ ሰዎችን ተከታትለው በ2018 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጡት ጥናት፥ በፋብሪካ ሥራ ከገቡት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ዓመት ሳይሞላቸው ሥራውን ጥለው መሄዳቸውን፥ የፋብሪካው ሥራም በጤና ላይ ጕዳት ማምጣቱን ጽፈዋል። ሠራተኛን አሠልጥኖ ወዲያው ማጣት ለድርጅቱ ኪሳራ ነው። ለእኛ ግን ነገሩ ከኪሳራ በላይ የሚናገረው አለ። በድሮው ዘመን ገባሩ ሹሙን ሊከሰው በማይችልበት ጊዜ ሌሊት ዕቃውን ጭኖ ‹‹እግሬ አውጪኝ›› እያለ አገር ይለቅ ነበር። አንደበቱ የተዘጋ ሰው በእግሩ ይናገራል። የዛሬውም ሠራተኛ ቅሬታውን ሳይናገር በወሩ መጨረሻ ሲጠፋ፥ ያ የቀድሞው የገባር ስደት መልኩን ለውጦ መጣ እንላለን። እግር ግን ችግሩን ወደ ኋላ ትቶ ይሄዳል እንጂ አያቃናውም፤ በተለቀቀው መኪና ላይ ሌላዋ ትቀመጣለች፤ ያው ትእዛዝ ለእርሷም ይደርሳታል። አንደበት ግን ችግሩን ባለበት ቦታ ያቃናዋል።

የዓለም መንግሥታት ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ሲያጸድቁ አገራችን ድምፅዋን ከደጋፊዎቹ ጋር ሰጥታለች። መግለጫው የሠራተኛ ማኅበርን መብት የጻፈው ከመኖርና በሕግ ፊት እኩል ከመሆን መብት ጋር በአንድ ሰነድ ነው። ይህም የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሰው አብዛኛውን የንቃት ሰዓቱን በሚያሳልፍበት ቦታ ሰው ሆኖ ካልተቈጠረ፥ በቀረው ጊዜ ሰው ነህ ቢሉት ሊያምን አይችልምና።

እንግዲህ ፋንታችን ምንድን ነው? የሠራተኛው ፋንታ መብቱን ማወቅ፥ ሥራውን አክብሮ መሥራት፥ ማኅበሩንም ለጥቂት መሪዎች መጠቀሚያ እንዳይሆን መጠበቅ ነው። መብት ይገባኛል ብሎ ግዴታን የሚሸሽ ሰው የሌሎቹንም ክርክር ያበላሻል። የአሠሪው ፋንታ የሠራተኛን ማኅበር እንደ ጠላት ሰፈር ሳይሆን የፋብሪካውን ሕመም እንደሚነግር ሐኪም ማየት ነው። የእኛ የመንግሥት ሠራተኞች ፋንታ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ሕጉን የምናረቀው፥ የምንመዘግበውና በፋይል የምናስቀምጠው እኛ ነን። በአዋጅ የተጻፈ ቃል ወደ ስፌት መኪናዋ አጠገብ የሚደርሰው በእግሩ እየሄደ የሚመረምር የሥራ ሁኔታ ተቈጣጣሪ፥ አቤቱታ ሲቀርብለት ‹‹ነገ ተመለሺ›› የማይል ጸሓፊ፥ ጕዳዩን ሳያጓትት የሚፈርድ ዳኛ ሲኖር ነው። የዘገየ ፍርድ በዱቄቷ መጠን ለምትኖር ሴት ያልተሰጠ ፍርድ ነው።

አባቶቻችን ‹‹በሕግ አምላክ!›› ሲባሉ የተሰነዘረውን ዱላ በአየር ላይ ያቆሙት የነበረው ቃሉ ኀይል ስለ ነበረው ብቻ አይደለም፤ ቃሉን የሰማ ሰው ሁሉ ምስክር እንደሚሆን ያውቁ ስለ ነበረ ነው። በድሬዳዋ ነጻ ቀጠናም ሆነ በማንኛውም የአገራችን ፋብሪካ ውስጥ የአንዲት ሠራተኛ ‹‹እንቢ›› እንዲሁ ምስክር እንዲያገኝ ያስፈልጋል። ሰው ጉልበቱን ቢሸጥ፥ ጊዜውንም በሰዓት ቈጥሮ ቢያከራይ ነውር የለበትም። የማይሸጠው አግባብ ያልሆነውን ‹‹አይሆንም›› የሚልበት ኅሊናውና አንደበቱ ነው። ይህ እንዲጠበቅ ማድረግ ሠራተኛውን ብቻ ሳይሆን ሸቀጡንም፥ ፋብሪካውንም፥ አገሩንም የሚያስከብር ስለ ሆነ፥ እያንዳንዳችን በተቀመጥንበት ወንበር ልክ የምንጠየቅበት ዕዳ ነው።